ቅቤ ያልያዘው ላባ

ሰርግ ስጠራ ሙሽራዋ አማረች አላማረች ብዬ አላይም። ዓይኔ የሚሄደው ወደ አክሊሏ ነው። በስንት ሽቦ ተይዟል? ሽቦው ፀጉሩን ነክሷል ወይስ ለስሙ ተሰክቷል? ስትስቅ ይነቃነቃል? ልጆቼ «እማዬን ደግሞ ጀመራት» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንድ ጊዜ የማላውቃት ሙሽራ ኬክ ልትቆርስ ስትነሳ ከኋላዋ ደርሼ ሁለት መርፌ ቁልፍ ሻጥ ሻጥ አድርጌላት ወደ ወንበሬ ተመልሻለሁ። እናቷ በዓይኗ ልትበላኝ ደርሳ ነበር። አክሊሉ ግን እስከ ምሽት ንቅንቅ አላለም።

ይህ አመል የያዘኝ አርባ ምንጭ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ የአንድ ኪነት ቡድን ልብስ ጠባቂ ሳለሁ። ስገባ ለልብስ ጠባቂነት አልነበረም፤ የተመዘገብኩት ለተወዛዋዥነት ነው። ሦስት ሳምንት ከተለማመድኩ በኋላ ኃላፊያችን ሰው ሁሉ ባለበት ጠራኝና «እህቴ፣ እግርሽ ከከበሮው ጋር ተጣልቷል፤ እኛ ደግሞ አስታራቂ ሽማግሌ የምንልክበት ጊዜ የለንም» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። በማግስቱ የልብስ መጋዘኑን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

መጋዘኑ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አጠገብ ያለ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ነበር። በውስጡ የአገሩ ብሔረሰብ ሁሉ ልብስ ተሰቅሏል። ቡድናችን በአንድ ቀን የስምንት ብሔረሰብ ጭፈራ ስለሚያሳይ፣ አንዱን አውልቆ ሌላውን ለመልበስ ያለው ጊዜ አንድ ዘፈን የሚያልቅበት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ የሚወድቀው ነገር ብዛቱ! ጨሌ ይበጠሳል፣ መቀነት ይፈታል፣ የእግር ቃጭል ተንከባልሎ ከበሮ መቺው ሥር ይገባል። አንድ ጊዜ የሽማግሌ ጺም የለጠፈ ልጅ ጺሙ በአንድ ጉንጩ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ምርት ዘመቻ ሲያዜም ተመልካቹ ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ሳቅ ስቋል።

እኔ ስይዘው ይህ ሁሉ ቀረ። መመካት አይደለም፣ ቀረ። የአንገት ጨሌ ማጅራት ላይ ከአንገትጌው ጋር በሁለት ስፌት ተይዞ ካልሆነ ሲዘሉ ፊት እንደሚመታ አወቅሁ። ቃጭል በባዶ እግር ላይ እንደማይታሰር፣ መጀመሪያ ጨርቅ ተጠምጥሞ በላዩ ላይ መታሰር እንዳለበት፣ ቋጠሮውም ወደ ውስጥ ሆኖ በክር መወጋት እንዳለበት አወቅሁ። የወገብ ላስቲክ ሰውየው ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ሳይሆን እየተነፈሰ እንደሚለካ አወቅሁ። ማስቲሽ በላብ እንደሚከዳ፣ መርፌ ቁልፍ ደግሞ ወደ ጎን ካልተሰካ ሥጋ እንደሚወጋ ከሌሎች ጩኸት ተማርኩ። ከንፈሬ መሀል ሁልጊዜ አራት አምስት መርፌ ቁልፍ ስለማይጠፋ ሰዎቹ «የብረት ጥርስ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሕግም አወጣሁ። ማንም ሰው ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ፊቴ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይዘላል፣ አንድ ጊዜ እስከ ጉልበቱ ያጎነብሳል፣ አንገቱን ግራና ቀኝ ይንጣል። የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ይመለሳል። ኃላፊው ሳይቀር «ቶሎ በሉ» እያለ ሲጮህ እኔ አልሰማም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ በኖራ በሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ሲያሾፉብኝም ቢሆን ይዘሉ ነበር።

በአንድ ዓመት ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ኃላፊያችን ቀጭንና ረጅም፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ የቀድሞ አስተማሪ ነበር። ሰበሰበንና «የጋሞው ጭፈራ ማሳረጊያ ይሆናል። ግን የዶሮ ላባ አላይም» አለ። ባለፈው ዓመት የሰጎን ላባ ጠፍቶ የነጭ አውራ ዶሮ ጭራ ሰክተን ነበር። አንድ እንግዳ «ይሄ ሰው ምን ሊሆን ነው የወጣው፣ ሊታረድ ነው?» ብሎ መሳቁን ኃላፊው አልረሳም። «እውነተኛ የሰጎን ላባ ከየት ይገኛል?» ሲል ሁሉም ወደ መሬት አየ። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልበትም። «አጎቴ ጋ አለ» አልኩ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደጋው ጨንቻ ላይ ሸማኔ ነበሩ፤ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ለእኔ አባትም እሳቸው ናቸው፤ የምጠራቸውም «አባ» ብዬ ነው። በጎልማሳነታቸው ሀላቃ ሆነው ነበር። ሀላቃ ማለት አገሩ መርጦ፣ ድግስ አስደግሶ፣ ለጉባኤው እንዲያገለግል የሚሾመው ሰው ነው። ሲሾም ፀጉሩን በቅቤ ይለቀልቁና ነጭ የሰጎን ላባ ይሰኩለታል። አጎቴ ላባቸውን በቀርከሃ ቀፎ ውስጥ አድርገው፣ አፉን በጥጥ ወትፈው፣ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅለውት ይኖራሉ። በልጅነቴ ያንን ቀርከሃ መንካት ቀርቶ በጣት መጠቆም አይፈቀድልንም ነበር።

በጭነት መኪና ወጣሁ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ሩቅ አይደለም፤ ግን ታች ሳለሁ በላብ የራሰው ቀሚሴ፣ ላይ ስደርስ በጉሙ ይበርድብኝ ነበር። አጎቴ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ ሰሙኝ። እጃቸው መወርወሪያውን ማመላለስ አላቆመም። የመጣሁበትን ስናገር ተንተባተብኩ፤ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት ካድሬዎች መጥተው የሀላቃው ሥርዓት ኋላቀር ነው ብለው ከልክለዋል። አሁን ደግሞ እኔ ለዚያው መንግሥት በዓል ተልኬ ላባውን አምጡ እላለሁ። ነገሩ ራሴንም አሳፈረኝ።

አጎቴ ድንገት ሥራቸውን አቆሙ። «ፀሐይ ላይ ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

«አዎ አባ። ሜዳ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ እያየ።»

የአጎቴ ሚስት ከምድጃው አጠገብ ቆጮ እየከተፉ ነበር። «ለጨዋታ ልትሰጥ ነው? በላዩ ብዙ ነገር አለበት» አሉ።

«ሁለት ዓመት ጨለማ ውስጥ ከረመ» አሉ አጎቴ። «ለጨዋታም ቢሆን ፀሐይ ይየው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቅድመ ሁኔታቸውን ነገሩኝ። ብረት አይነካውም። ሌላ ሰው አይሰካውም፤ እሳቸው ራሳቸው ወርደው ይሰኩታል። ዋናው ግን ይሄ ነበር፤ በእኛ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ ከራስ የወደቀ ላባ ተመልሶ ራስ ላይ አይወጣም። «እኔ ስሞት ይህ ላባ ከአልቃሹ ፊት መሄድ አለበት» አሉ። «የአባቴ ላባ ሄዷል፤ የአያቴም ሄዷል። ያለ ላባ የተቀበረ ሀላቃ ምን እንደሠራ ማን ያውቃል? አትጣዪብኝ እንግዲህ ልጄ።» እኔም ከእኔ እጅ ምንም ነገር ወድቆ አያውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ወረዱና ሴቻ ሰፈር ካለችው ኪራይ ቤቴ አደሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማንጎው ሥር ነበርን። ላባውን የሚያደርገው ልጅ የቡድኑ ፊት መሪ፣ ከሰሜን የመጣ የፖሊስ ልጅ ነው። ጋሞኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ሲጨፍር ግን ጨንቻ የተወለደ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ፋሽን የነበረ ትልቅ አፍሮ ነበረው። አጎቴ አፍሮውን በመዳፋቸው እንደ ጥጥ ጫን ጫን አድርገው መዘኑትና በአማርኛ «ይሄ ራስ ጥሩ ነው» አሉት። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ለሁሉም አንድ ነው። ወደ እኔ ዞረው «አንተ፣ ቅቤውን አምጣ» አሉኝ። ልጁ ሳቁን ለማፈን ወደ ማንጎው አንጋጠጠ።

ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከጨንቻ የመጣ፣ እንደ ሳሙና የጠና ነበር። አጎቴ ከአፍሮው ሥር ጀምረው ጠቀጠቁት፣ ለቀለቁት፣ በጣታቸው ጉድጓድ አበጁለት። ላባውን ከቀርከሃው ሲያወጡ ሁላችንም ጠጋ አልን። ነጭ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ብጫ የሄደ። ትንፋሻችን ብቻ ያርገበግበው ነበር። እጄ በልማድ ወደ ክሬ ሄደ።

«አባ፣ ብረቱስ ይቅር። አንድ ክር ብቻ፣ ከፀጉሩ ጋር» አልኩ በጋሞኛ።

«ላባ አይታሰርም» አሉ። «የሚታሰር ከብት ነው። ላባን ራስ ይይዘዋል።»

ሰኩት። እኔ ግን ሕጌን አልተውኩም፤ ልጁን አስዘለልኩት። ሦስት ጊዜ ዘለለ፣ እስከ ጉልበቱ አጎነበሰ፣ አንገቱን ናጠ። ላባው ተርገበገበ እንጂ ከሥሩ ንቅንቅ አላለም። አጎቴ በጎን እያዩኝ ፈገግ አሉ። እኔም ተሸንፌ ሳቅሁ። አባቶቻችን ያለ መርፌ ቁልፍ ስንት ዘመን ኖረዋል ብዬ አሰብኩ፤ እውነትም ኖረዋል፤ ግን ጨንቻ ነው የኖሩት።

ይህን ነው ዛሬም ድረስ ለራሴ ይቅር የማልለው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ ራስ ላይ ሲጠና እንጂ ሲፈስ አላዩም። ጨንቻ ላይ ቅቤ ፀጉር ውስጥ እንደ ሰም ነው። እኔ ግን የአርባ ምንጭ ነዋሪ ነኝ። ከገበያ የገዛሁት ቅቤ ቤት ሳልደርስ ዘይት ሆኖ ስንት ጊዜ ቀሚሴን አበላሽቶብኛል። ይህን የማውቅ ሰው፣ በጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ በዚያ ቀዝቃዛ አየር አስዘልዬ «ይዟል» አልኩ።

በዓሉ በሁለት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ በአራት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። እንግዶቹ ዘግይተው መጡ፣ ንግግሩም ረዘመ። ጨፋሪዎቹ ዱንጉዛ የሚባለውን ባለ ቀለም የጋሞ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ዳር ቆመዋል። እኔም የመርፌ ቁልፍ ሳጥኔን ታቅፌ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አጎቴ ከማዶ፣ ለተጋበዙ ሽማግሌዎች በተሠራው ዳስ ሥር፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አንድ ተናጋሪ «በመጨረሻም» ባለ ቁጥር ደስ ይለናል፤ ከዚያ ሌላ «በመጨረሻም» ይመጣል። የመጀመሪያዋ የቅቤ ጠብታ በልጁ ጆሮ ሥር ስትወርድ ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛዋም መጣች። ከዚያ ግንባሩ በሙሉ ያብረቀርቅ ጀመር። «ዓይኔን አቃጠለኝ» አለ። ቀሚሴን አንስቼ ጠረግሁለት። ላባው ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። በሁለት ጣቴ አቃናሁት፤ ሥሩ ሞቅ ያለ ሾርባ ውስጥ የቆመ ያህል ይዋኛል። ክሬን አወጣሁ። ልክ በዚያን ጊዜ ከበሮው ተመታ፤ ኃላፊው «ውጡ!» አለ፤ ልጁም ከእጄ ወጥቶ ሄደ።

ጭፈራው ግሩም ነበር ይባላል። እኔ አላየሁትም፤ ያየሁት ላባውን ብቻ ነው። በአንደኛው ዙር ቆሟል። በሁለተኛው ዙር እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ልጁ በፊቴ ሲያልፍ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ አሳየሁት፣ ያዘው ማለቴ ነው። እሱ ግን ያደነቅሁት መስሎት አንገቱን ጭራሽ አጥብቆ ናጠው። በሦስተኛው ዙር፣ ጨፋሪዎቹ በአንድነት በጉልበታቸው ወርደው ሲነሱ፣ ላባው አልተነሳም። ቀዩ አፈር ላይ ነበር።

ከኋላው ያለው ሳይረግጠው የቀረው ለጥቂት ነው። ልጁ ግን የተባረከ ነው፤ ምት ሳይስት ጎንበስ ብሎ አነሳውና ከጦሩ ጋር በአንድ እጁ ይዞ ወደ ሰማይ ከፍ አደረገው። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊያችን ሲጋራውን ከከንፈሩ አውጥቶ «ይሄን መቼ ጨመራችሁት? ግሩም ነው!» አለኝ። ወደ ማዶ አየሁ። አጎቴም ከሽማግሌዎቹ ጋር ያጨበጭባሉ። አላዩም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ርቀት፣ ያ ሁሉ አቧራ፣ ደግሞም የሽማግሌ ዓይን። ልቤ ሲመለስ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ምሳ ሲጋበዙ እኔ መጋዘን ገብቼ ነበር። ላባው ቅቤና ቀይ አፈር ተለውሶበት የተረገጠ ሣር መስሏል። በሳህን ለብ ያለ ውኃ አድርጌ በልብስ ሳሙና አጠብኩት። ሦስት ጊዜ ውኃ ቀየርኩለት። በጥላ አንጠልጥዬ፣ እየተነፈስኩበት፣ በጣቴ አንድ አንድ ዘለላውን አበጠርኩት። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ «አጎትሽ ይቆጡኝ ይሆን?» ይላል። «አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው» አልኩት። ማለልኝ። ቃሉንም ጠበቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአጎቴ ላባቸውን ሰጠኋቸው። ከጠዋቱ ይልቅ ነጥቷል። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ላባው የልብስ ሳሙና ይሸት ነበር። ላቡን ጠረግሁለት የሚል ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን አልጠየቁኝም። ቀርከሃው ውስጥ መለሱት፣ ጥጡን ወተፉ። «ደክሞሻል ልጄ» አሉኝ በጋሞኛ። «ምሳ በልተሻል?»

ከዚያ ወዲህ በልብስ ጠባቂነቴ ጥላ ሥር ማንንም አስዘልዬ አላውቅም። ፀሐይ ላይ አቁሜ፣ ላብ እስኪወጣቸው ጠብቄ ነው የማስዘልላቸው። «የብረት ጥርስ አበደች» አሉ። ልበድ። በሆዴ ግን የተያዘው ነገር ሌላ ነበር። መስቀል በመጣ ቁጥር ጨንቻ እወጣለሁ፤ ገብቼ ስቀመጥ ምሰሶውን ጀርባ እሰጠዋለሁ። ያ ቀርከሃ ከኋላዬ እንዳለ እያወቅሁ ቆጮ አይወርድልኝም።

ሦስት ጊዜ ልናገር ሞክሬያለሁ። አንዴ «አባ፣ ያኔ ላባው…» ብዬ ስጀምር ልቃቂት አቀበሉኝና «እስቲ ይሄን ያዢልኝ፣ ድሩ ተወሳስቦብኛል» አሉ። ድሩ አልተወሳሰበም ነበር። ሌላ ጊዜ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ጊዜ ገና አፌን ስከፍት ተነስተው ላሚቱን ለማየት ወጡ። እርጅና ነው፣ ጆሯቸው ደክሟል ብዬ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ውስጤ ሆኖ ሲበላኝ ይሰማኝ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው አጎቴ ሞቱ። ስደርስ አልቃሹ ሜዳው ላይ ወጥቷል። ጦር የያዙት እየሮጡ ይመለሳሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ሌሎች ሽማግሌዎች የየራሳቸውን ላባ ሰክተዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚከለክል ካድሬ አልነበረም፣ ቢኖርም ዞር ብሎ አልፏል። በሰልፉ ፊት ግን የአጎቴ ላባ አልነበረም። ፊት ፊት የሚሄደው የሌላው ወንድማቸው ልጅ ራሱ ባዶ ነው። እኔ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ አንዱን ሽማግሌ ጎትቼ «የሀላቃው ላባስ?» አልኩ።

«ብል በልቶታል» አሉኝ። «ራሱ ነው የነገረን። ከታመመ በኋላ ሰብስቦን፣ ላባዬን ብል ጨርሶታልና አትፈልጉ፣ ያለ ላባ ቅበሩኝ አለን። ጠባቂው ራሱ ነው፣ ምን ይደረግ።» አዘኑላቸው። አንዱም ከጎን ሆኖ «ላባውን ያልጠበቀ ሀላቃ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሳሙናው ነው አልኩ በልቤ። ቅቤውን አጥቤ አውጥቼ ለብል ያጋለጥኩት እኔ ነኝ። አልቅሺ ቢሉኝም እንባ አልመጣልኝም፤ ደርቄ ቆምኩ። የአጎቴ ሚስት አይተውኝ ኖሮ እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ምሰሶው አጠገብ ሄዱና ቀርከሃውን አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ያንቺ ነው» አሉኝ።

ጥጡን አወጣሁ። ላባው አለ። ሙሉ ነው፣ አንድ ዘለላ አልጎደለውም፤ ያን ቀን አበጥሬ እንደሰጠኋቸው ነው።

«ብል በላው አሉኝ እኮ» አልኩ።

«የምን ብል? በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጭስ ውስጥ ብል የት አባቱ ይገባል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሲወድቅ አይቷል። ያኔ ማታውኑ ነው የነገረኝ። ዳግም ላወጣው አልችልም፣ ሕግ ነው፤ ወደቀ ካልኩ ግን ማን ጣለው ይላሉ፣ ልጅቷን ለጉባኤ ይጠሯታል አለ። ብል ግን ማንም አይጠራውም።»

ሽማግሌ የሚቸገረው ቅርቡን ለማየት ነው፤ ሩቁን ጥርት አድርጎ ያያል። ይህን ያወቅሁት የራሴ ዓይን ከደከመ በኋላ ነው። አጎቴ ያን ቀን ላባቸው አፈር ላይ ሲወርድ፣ የቀብራቸው ክብር አብሮ ሲወርድ፣ ከዳሱ ሥር ሆነው ተመልክተዋል። ተመልክተውም ሰው እንዳያውቅብኝ ከሰው ጋር አጨብጭበዋል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። «ስንት ዓመት ሙሉ!»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽውም?» አሉ፤ እጃቸው ግን ጀርባዬን ያሻል። «አንድ ቃል አስቀምጦልሻል። ያወረደው የእኔ ቅቤ ነው፣ የእሷ እጅ አይደለም፤ እጇ ጥሩ ነው በያት አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ላባውን ቀርከሃው ውስጥ መለስኩ፣ ጥጡን ወተፍኩ፣ ከዚያ ከኪሴ ክር አውጥቼ አፉን ሁለት ዙር አሰርኩት። ለቅሶዬን ከውጭ የሰሙት ሴቶች አብረውኝ ጮኹ።